የገጠሯን ጤና ሠራተኛ ማን ይክፈላት? ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀ ጥያቄ

ጳጉሜን 1 ቀን 1970 ዓ.ም. የ134 አገሮች ልዑካን በያኔዋ የሶቪየት ኅብረት ከተማ በአልማ አታ ተሰበሰቡ። ጉባኤው ሳይበተን ኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ገባች። መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ደርግ አራተኛ የአብዮት በዓሉን በሚያከብርበት ዕለት፣ «ጤና ለሁሉም» በሚለው መፈክር የሚታወቀው የአልማ አታ መግለጫ ጸደቀ።

መግለጫው የጤና አገልግሎት ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ ወደ መንደር ይውረድ አለ። ከሐኪም፣ ከነርስና ከአዋላጅ ጎን የማኅበረሰብ ሠራተኞችና የባህል ሐኪሞችም እንደ አስፈላጊነቱ ይሰለፉ፣ ተገቢውን ሥልጠናም ያግኙ አለ። አንድ ጉዳይ ግን ሳያነሳው አለፈ፤ የመንደሯን ጤና ሠራተኛ ማን እንደሚከፍላት።

ከዚያ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ የገጠር ጤና ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ያልተመለሰ ጥያቄ ታሪክ ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። አንድ ጊዜ «ማኅበሩ ይክፈል» ተባለ፤ ሌላ ጊዜ መንግሥት በደመወዝ መዝገብ አሰፈራት፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አጠገቧ ያለምንም ክፍያ የሚሠሩ ሚሊዮኖች ተሰለፉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ ታይቷል። ደመወዙ የቆመበት ምሰሶ ሲወድቅ አገልግሎቱም አብሮ ይወድቃል።

▪️ ከጎንደር የተጀመረው

የመንግሥት ጤና ሠራተኛ ወደ ገጠር የመውጣቱ ነገር በአብዮቱ አልተጀመረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ለዚሁ ዓላማ ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ቡድን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። በጊዜው ለአፍሪካ አዲስ ሐሳብ ነበር።

የሐሳቡ አስፈላጊነት ብዙም ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመና ሠራተኞቹ ዲዲቲ ተሸክመው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። ቀጥሎ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ መጣ። በዚህ ዘመቻ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ ከባሌ በረሃ እስከ ሰሜን ተራሮች ተጉዘው የአገሪቱን የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. መዘገቡ።

የጎንደር ምሩቃንም፣ የወባና የፈንጣጣ ሠራተኞችም የሚያመሳስላቸው ነገር ነበር። ተቀጣሪዎች ነበሩ። ችግራቸው ቁጥራቸው ማነሱ ነው። አብዛኞቹ ሐኪሞች በአዲስ አበባና በአስመራ ነበሩ፤ ገጠሩ ድሬሰር ያለበት ክሊኒክ ለማግኘት የአንድ ቀን መንገድ ሊጓዝ ይችል ነበር። ስለዚህ አብዮቱ ሲመጣ ጥያቄው «በርካሽ እንዴት እንበዛ?» የሚል ሆነ። ለዚህ ጥያቄ ዓለም ሁሉ የሚመለከተው ወደ አንድ አገር ነበር፤ ወደ ቻይና።

▪️ ባዶ እግር ሐኪሞች

ማኦ ዜዱንግ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1965 የጤና ሚኒስቴራቸውን ክፉኛ ተቹ። የሚያገለግለው ከሕዝቡ 15 በመቶ የሚሆነውን፣ ያም በዋነኛነት ከተሜውን ነው አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ባዶ እግር ሐኪሞች» የሚለው ስም በቻይና ጋዜጦች ገነነ። እነዚህ ለጥቂት ወራት ሠልጥነው ወደ መንደራቸው የተመለሱ ገበሬዎች ናቸው። ግማሽ ጊዜያቸውን ያርሳሉ፣ ግማሹን ያክማሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር።

ባዶ እግር ሐኪሞች ሲወደሱ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በነፃ አልሠሩም። በጋራ እርሻው መዝገብ ላይ ሞፈር የጨበጠው ገበሬ የሥራ ነጥብ እንደሚያዝለት ሁሉ ሕጻን የከተበውም ይያዝለት ነበር። መኸር ሲሰበሰብ እንደ ነጥቡ እህሉን ይካፈላል። የሐኪሙ ደመወዝ በገበሬው ጎተራ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቻይና የጋራ እርሻን አፍርሳ መሬቱን ለቤተሰብ አከፋፈለች። የሥራ ነጥብ መዝገቡ ተዘጋ። ከዘጠኝ አሥረኛ ያላነሱ መንደሮችን ያዳረሰው የኅብረት ሕክምና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። በ1985 ስሙም ቀረ፤ ፈተና ያለፉት «የመንደር ሐኪም» ተባሉ። ደመወዝ የለምና ብዙዎቹ መርፌ በመውጋትና መድኃኒት በመሸጥ ይተዳደሩ ጀመር። ሰዎቹ እነዚያው፣ ዕውቀታቸውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ከፋዩ ነው። መጸዳጃ ቤት አስቆፋሪው መድኃኒት ሻጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

▪️ ወኪሉና ገበሬ ማኅበሩ

ደርግ የቻይናን መንገድ ሲመለከት የሚመሳሰል መሠረት በእጁ ነበረው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከ20 ሺህ በላይ ገበሬ ማኅበራትን ወልዷል። እያንዳንዱ ማኅበር ከራሱ መካከል አንድ ሰው መርጦ ይልካል፤ የተመረጠው ሦስት ወር ገደማ ሠልጥኖ የኅብረተሰብ ጤና ወኪል ሆኖ ይመለሳል። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከእነሱ ጎን የልምድ አዋላጆችም አጭር ሥልጠና ይሰጣቸው ነበር። ስድስት እርከን ባለው የጤና መዋቅር ውስጥ የመጨረሻውን እርከን የያዙት እነዚህ ናቸው።

ክፍያውስ? ለማኅበሩ ተተወ። ማኅበሩ ከሚሰበስበው ገንዘብ እንዲከፍለው፣ ወይም አባላቱ በጉልበት እንዲያግዙት ታሰበ። በወረቀት ሲታይ የቻይና የሥራ ነጥብ ኢትዮጵያዊ ቅርጽ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነበር። በቻይና የጋራ እርሻው ምርቱን ራሱ ሰብስቦ ራሱ ያካፍላል፤ ወኪሉም ድርሻው የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው የየራሱን ማሳ ነው። ማኅበሩ ከገበሬው የሚሰበስበው ደግሞ መዋጮ ብዙ ነበር፤ ለጦርነቱ፣ ለመንደር ምሥረታው፣ ለመሠረተ ትምህርቱ። የወኪሉ ክፍያ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር።

ውጤቱ የሚጠበቅ ሆነ። ወኪሎች ሠልጥነው ተመለሱ፣ ጥቂት ጊዜ ሠሩ፣ ከዚያ ወደ እርሻቸው ዞሩ። ፈቃደኝነት ጎድሏቸው አልነበረም። ክረምት ሲገባ ማሳ እየጠበቀ የጎረቤት ልጅ ተቅማጥ ለማከም መዞር ለቤተሰብ አስተዳዳሪ የሚቻል ነገር አይደለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ገበሬ ማኅበራቱ በነበሩበት መልክ መቆም አልቻሉም፤ የወኪሎቹ መዋቅርም አብሮ ፈረሰ። የቻይናው ታሪክ በኢትዮጵያ ምድር ተደገመ።

▪️ ደመወዝ የገባበት ዓመት

መስከረም 1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ በሽታን መከላከልን አስቀደመ፤ ባለ ስድስቱን እርከን መዋቅርም በአራት ተካ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘቡና ትኩረቱ በአብዛኛው ወደ ጤና ጣቢያ ግንባታ ሄደ። ግድግዳው ተሠራ፤ የገጠሯ እናት ግን አሁንም ሩቅ ነበረች። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። ከሚሞቱበት ምክንያት ብዙው ተቅማጥ፣ ሳንባ ምች፣ ወባና ምግብ እጥረት ነበር። ለእነዚህ ደግሞ ከሆስፒታል ይልቅ በአቅራቢያ ያለ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከቀደመው በሦስት ነገር ተለየ። የመጀመሪያው፣ ሠራተኞቹ ከአርብቶ አደሩ አካባቢ በቀር ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ፤ የቤቱን በር የሚከፍቱት ሴቶች ናቸውና። ሁለተኛው፣ ሥልጠናው ከሦስት ወር ወደ አንድ ዓመት አደገ፤ የምትመረጠውም አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የአካባቢው ልጅ ናት። ሦስተኛው፣ ሠራተኛዋ የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነች። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጤና ኬላ፣ 16 የጤና ፓኬጆች፣ በየወሩም ከወረዳው የሚወጣ ደመወዝ።

ከሦስቱ ሦስተኛው በጊዜው ደፋር ውሳኔ ነበር። ለጋሾች ለክትባት፣ ለአጎበር፣ ለሥልጠና ይሰጣሉ፤ ለደመወዝ ግን እጃቸው ያጥራል፤ ቋሚ ወጪ ነውና። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የመንደር ጤና ሠራተኞቻቸውን በበጎ ፈቃድ ወይም በጥቂት አበል ሲያሠሩ፣ ከዓለም ደሃ አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በመንግሥት ደመወዝ ቀጠረች። የተደረገው ሁሉ ባለ 10ኛ ክፍል የገጠር ልጅ ወር ጠብቃ የምትፈርምበት መዝገብ መክፈት ነበር። ለብዙዎቹ በቤተሰባቸው ታሪክ የመጀመሪያው ደመወዝ እሱ ነው።

ሥራቸው ታየ። መጸዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ ከተቡ፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ አጎበር በየቤቱ እንዲደርስ አደረጉ። ቤተሰቦች 96 ሰዓት ተምረው «ሞዴል» ተብለው ተመረቁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ መስጠት ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ያቺ ከአሥረኛ ክፍል የወጣች ልጅ ሕይወት የሚያድን ውሳኔ ብቻዋን የምትወስን ሆነች።

ቁጥሮቹም ተንቀሳቀሱ። ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100 ስምንት ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ደረሱ። ለዚህ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ የተሻለው ምርትም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ክትባቱና መድኃኒቱ ቀበሌ ድረስ የደረሰው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው።

▪️ ሠራዊቱ

ሁለት ሴቶች ለአምስት ሺህ ሰው ገደማ በቂ እንዳልሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። አቀበትና ቁልቁለት ባለበት ቀበሌ፣ ጎጆው ተራርቆ በተበተነበት አገር፣ ሁለት ጥንድ እግር ሁሉን አያዳርስም። ሁለት አማራጭ ነበር። አንደኛው ሦስተኛና አራተኛ ሠራተኛ መቅጠር፤ ሁለተኛው ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ማግኘት።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛው ተመረጠ። «የሴቶች ልማት ሠራዊት» ተቋቋመ። ሠላሳ የሚሆኑ ቤቶች አንድ ቡድን፣ በውስጡ አንድ ለአምስት ኔትወርክ። የየኔትወርኩ መሪ ከሞዴል ቤተሰብ የተመረጠች ሴት ናት። እርጉዝ ትመዘግባለች፣ ያልተከተበ ሕፃን ታስታውሳለች፣ እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ትወተውታለች፣ ስብሰባ ትጠራለች፣ ሪፖርት ታቀርባለች። ቁጥራቸው እስከ 3 ሚሊዮን እንደደረሰ በመንግሥት ይነገር ነበር። ደመወዝም አበልም የላቸውም።

ይህ ሲሆን የድሮው ጥያቄ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ለደመወዝተኛዋ የማይዳረስ ሥራ ደመወዝ በሌላት ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ተጫነ። ኤክስቴንሽኗም ራሷ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሴቶች አለቃ ሆነች፤ ያልተሠራው ሥራ ሲኖር የምትጠየቀው እሷ ናት፣ ለማዘዝ ግን የምትሰጠው ነገር የላትም። ከጤና ውጭ ያሉ የቀበሌ ሥራዎች፣ መዋጮና ስብሰባ ማስተባበር ጭምር፣ በእነዚሁ ሴቶች ላይ መደራረባቸው በተደጋጋሚ የሚነሳ ቅሬታ ሆነ።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ደጋፊዎች አንድ መከራከሪያ አላቸው። ሴቶቹ ክፍያ ባያገኙም ክብርና ዕውቀት ያገኛሉ፣ በማኅበረሰባቸው ይበረታሉ ይላሉ። በአማራ ክልል ገጠር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የሠራዊቱ መሪዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በኑሮ ይበልጥ የተቸገሩ፣ በስሜትም ይበልጥ የተጨነቁ ሆነው ተገኙ። ለሌላው ጤና እንድትሯሯጥ የታዘዘችው ሴት ራሷ እርዳታ ከሚያሻቸው መካከል ነበረች።

▪️ ደቦና ወንፈል

ያለ ክፍያ መሥራት «ባህላችን ነው» የሚል ክርክር በየመድረኩ ይሰማል። ደቦ አለን፣ ወንፈል አለን፣ ዕድር አለን ይባላል። እውነት ነው፣ አሉን። ነገር ግን አሠራራቸውን ማየት ይገባል።

ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል። ሥራው በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ያልቃል። ወንፈል ደግሞ በቀን የሚቆጠር ብድር ነው፤ ዛሬ ያረሰልህ ነገ ታርስለታለህ፤ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ይቀራል። ዕድርም ቢሆን የከፈለ ብቻ የሚቀበርበት፣ ያልከፈለ የሚቀጣበት ማኅበር ነው። በሦስቱም ሥራው ያልቃል ወይም ይመለሳል፤ የሠራው ሰው ምን እንደሚያገኝ ከመጀመሪያው ያውቃል።

የልማት ሠራዊት ሥራ ከነዚህ አንዱንም አይመስልም። አያልቅም፤ እርግዝናውም ክትባቱም ዓመት እስከ ዓመት ነው። ብድሩን የሚመልስ የለም፤ ሥራውን ያዘዘው መንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ ማሳዋን መጥቶ አያርምላትም። የልምድ አዋላጇ እንኳ አራስ ቤት ገንፎ በልታ፣ እጇ ተስሞ ነው የምትወጣው። የአገሬው ባህል ጉልበትን ባዶ እጁን አይሸኝም። «ባህል» የሚለው ቃል እዚህ የመጣው የበጀት ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

መንግሥት ለሦስት ሚሊዮን ሰው ደመወዝ ሊከፍል አይችልም የሚለው ሙግት ትክክል ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ሦስት ሚሊዮን ሰው በነፃ ይሥራ ማለት አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ነገር አለ፤ ያመመውን መጠየቅ፣ ምጥ የያዛትን ማድረስ። እሱ ክፍያ አይጠየቅበትም። መዝገብ፣ ሪፖርት፣ ዒላማና ግምገማ ያለው ነገር ግን ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ የሚሠራውን ሰው ቁጥር አሳንሶ መክፈል ይቻላል። ወጪው ካልተከፈለ አይጠፋም፤ ከመንግሥት መዝገብ ወጥቶ ወደ ድሃዋ ሴት ቤት ይዛወራል።

▪️ የአንድ ባላ አደጋ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገሩ ሰው። ያለፉት ዓመታት የጤና ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ባላ ላይ ሲቆም ምን እንደሚደርስ በተለያየ መልኩ አሳይተዋል።

የመጀመሪያው ጦርነት ነው። በትግራይ በጦርነቱ ወቅት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከዓመት በላይ ተቋረጠ። ጤና ባለሙያዎች ባዶ ኪሳቸውን፣ አንዳንዶቹም ለምነው እየበሉ፣ ሥራቸው ላይ ቆዩ። ጤና ኬላዎች በትግራይም በአማራም በአፋርም ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል።

ሁለተኛው የውጭ እርዳታ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተዘገበ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ አገልግሎት ላይ የነበሩ ናቸው። በአንጻሩ በወረዳ ደመወዝ የምትተዳደረው የቀበሌ ሠራተኛ በማግስቱ ሥራ ገባች። በ1995 ዓ.ም. የተወሰነው ውሳኔ ዋጋው ምን ያህል እንደነበር ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየ።

ሦስተኛው ድምፅ ሳያሰማ የሚበላው ነው፤ የኑሮ ውድነት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ አስተካክሏል፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም ዝቅተኛው እርከን ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ገበያው ግን ጭማሪውን እየጠበቀ አልቆመም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቁመው የክፍያ ማስተካከያ ጠየቁ፤ መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ አለው፤ የታሰሩም ነበሩ። የሆስፒታሉ ድምፅ ተሰማ። ከዋናው መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር የምትርቀው የጤና ኬላ ሠራተኛ ግን ሥራ ብታቆም እንኳ የሚያውቅላት የለም፤ የሚያውቁት በሩን ዘግቶ ያገኙት እናቶች ብቻ ናቸው።

▪️ ከሌሎች የሚገኝ ትምህርት

ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1994 በቤናዚር ቡቶ ዘመን «ሌዲ ሄልዝ ወርከር» የሚባሉ ሴቶችን በገጠር አሰማራች። ቁጥራቸው ወደ መቶ ሺህ ደረሰ። በኮንትራት፣ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ባነሰ አበል ይሠሩ ነበር። ተደራጁ፣ መንገድ ላይ ወጡ፣ ጉዳያቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ2012 ቋሚ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲሆኑ ተወሰነ። ሕንድ በበኩሏ በ2005 የጀመረቻቸውን «አሻ» የሚባሉ ሴቶች «በጎ ፈቃደኛ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ የሚከፈላቸው በሠሩት ሥራ ቁጥር ነው። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ሸለማቸው፤ እነሱ ግን ደመወዝ ጠያቂ ሰልፋቸውን አላቆሙም።

ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ፕሮግራሙ ሲስፋፋ ጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩት በዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ዘመን፣ በአልማ አታ የተዘለለውን ጥያቄ መለሰ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራው ክብደት፣ ከሰዓቱና ከሥልጠናቸው ጋር የሚመጣጠን ክፍያ ያግኙ፣ መብትና ግዴታቸው በጽሑፍ ውል ይስፈር፣ የእድገት መሰላል ይኑራቸው ሲል መመሪያ አወጣ። ክፍያውም በዋነኛነት በሠሩት ቁጥር ላይ የተመሠረተ እንዳይሆን መከረ። መልሱ አርባ ዓመት ፈጅቶበታል።

ለኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመመሪያው አሥራ አምስት ዓመት ቀድማ አብዛኛውን ሠርታዋለች። ጤና ሚኒስቴርም እስከ 2035 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ የሠራተኞቹ ሥልጠና ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ማደጉ ቀጥሏል። የሚያሰጋው ፕሮግራሙ በአዋጅ መፍረሱ አይደለም። ሳይፈርስ ሊላላ ይችላል፤ ደመወዙ በገበያ ተበልቶ፣ ዝውውርና ትምህርት የጠየቀችው ለዓመታት ተጠባባቂ ሆና፣ ክፍተቱም በ«በጎ ፈቃደኛ» እየተሞላ።

ስለዚህ በወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲጸድቅ የሚነሱ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በዚህ ቀበሌ ስንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፣ ስንትስ ጎድላለች? የርቀት ቦታ አበልና ማደሪያ ቤት ተይዞላታል? ለሠራዊቱ መሪዎች የተሰጠው ሥራ ሪፖርት የሚጠየቅበት ከሆነ ከየትኛው የበጀት ኮድ ይከፈላል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ ሥራው ከዕቅዱ ይውጣ። የገበሬ ማኅበሩ ወኪል ማሳውን ሊያርስ ሲመለስ ማንም አልወቀሰውም፤ ከሱ በኋላ የመጡት ሴቶችም ማሳ አላቸው።